ግማሽ ድልድይ

የዲምቱን ድልድይ ያየ ሰው ሁሉ ስለ ብረቱ ያወራል። ከባሕር ማዶ ተቆራርጦ መጣ፣ እያንዳንዱ ብረት ቁጥር ነበረው፣ አንዱን ካንዱ እየገጠሙ በብሎን አሰሩት፣ ጭነት መኪና ሲያልፍበት እንኳ ንቅንቅ አይልም ይላል። እውነት ነው፣ አይልም። እኔ ግን ነቀምቴ ገበያ ሰዎች ይህን ሲያወሩ ስሰማ ጀርባዬን ሰጥቼ እሄዳለሁ። ብረት ምኑ ይወራለታል? እኔ ስለዚያ ድልድይ የማውቀው ሌላ ነው።

ባሌ ተካ የድልድዩ ዘበኛ ነበር። ከቡልጋ ተነሥተን ወለጋ የገባነው የመንገድ ሥራው ይዞን ነው። ሥራው ሲያልቅ ሌላው ሁሉ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ፤ ተካን ግን «አንተ ብረቱን ጠብቅ» ብለው አስቀሩት። በነቀምቴ በኩል፣ ድልድዩ ራስ ላይ፣ ባለሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሰጡን። እሱ የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ የዛገውን ፍቆ ቀለም ይቀባል፣ በክረምት ወንዙ እያንከባለለ ያመጣውን ግንድ ከምሰሶው ላይ በገመድ እየጎተተ ያነሣል። እኔ ለመንገደኛ ዳቦና ሻይ እሸጣለሁ። አንድ ጊዜ ጃንሆይ በዚህ ያልፋሉ ተብሎ ድልድዩ ከላይ እስከ ታች ቀለም ተቀባ። እሳቸው በዚያ አላለፉም። ተካ ግን ያንን ቀለም ለእሱ የተሰጠ ሹመት አድርጎ ሲኮራበት ኖረ።

ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ሰው የሚሻገረው በእግሩ ነበር። ክረምት በወጣ ቁጥር የሁለቱም ማዶ ጎበዞች በትር ይዘው ውሃ ይገቡና መሬቱን እየዳሰሱ ጥልቁን ጥልቅ ካልሆነው ይለያሉ፤ ከዚያ በመሻገሪያው መስመር ግራና ቀኝ እንጨት ይተክላሉ። ወንዙ በየዓመቱ አሸዋውን ስለሚያገላብጠው የአምናው መሻገሪያ ለዘንድሮ አይሆንም። ብረቱ ከተዘረጋ ወዲህ ይህን ሥራ የሚሠራ ጠፋ። ማን ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ ይንዘፈዘፋል? ትንሽ ቆይቶ መሻገሪያው የት እንደነበር እንኳ የሚያውቅ አልተገኘም።

በቀለች የሚሏት ባልቴት ነበረች። ከእኛ ቤት ብዙ ሳይርቅ፣ በነቀምቴው በኩል፣ በጉቶ ጊዳ ምድር ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ድልድዩ አጠገብ ገበያ ይቆማል፤ እሷ ቅቤዋን በቅል ይዛ ትመጣና መጀመሪያ እኔ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች።

«ሸዋጌጥ፣ አካም ጅርታ?» ትለኛለች።

«ፈየ ነኝ ሐርሜ፣ እርስዎስ?» እላታለሁ። ሐርሜ በእነሱ አፍ እናቴ ማለት ነው። እናቴን ቡልጋ ቀብሬ ስለመጣሁ ይህን ቃል ሳገኝ አልለቀቅኩትም።

በቀለች ያንን ወንዝ አትወደውም። ታላቅ እህቷን፣ ከማዶ ላለ ሰው የተዳረችውን፣ እናቷን ለመጠየቅ ስትሻገር ውሃ ወስዷታል። ሬሳዋም አልተገኘም። ስለዚህ ለአንዲት ሴት ልጇ ለድርቤ ከማዶ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ሳታስቀምጥ ትመልሰው ነበር። ድልድዩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ገቢሳ የሚባል የማዶ ጎበዝ ሽማግሌ ላከ። በቀለች መልስ ከመስጠቷ በፊት ብቻዋን ወደ ድልድዩ መጣች። በዱላዋ ብረቱን እየመታች፣ ሳንቃውን እየረገጠች፣ እስከ ማዶ ሄዳ ተመለሰች። ተካ እየሳቀ፣ «እንዴት ነው ሐርሜ፣ ሥራችን አለፈ?» አላት። እሷ አልሳቀችም። «ውሃው አይደርስበትም» አለችኝ። «ልጄን እዚያ ብሰጣት የጎረቤት ያህል ናት። ስትወልድ በጠዋት እደርስላታለሁ።» በዚያው ሳምንት እሺ አለች።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ። ያቺ ሴት ልጇን የሰጠችው ለገቢሳ ብቻ አይደለም። ለዚያ ብረትም አምና ነው የሰጠቻት።

ሰርጉ በጥር ነበር። ገቢሳ ከነሚዜዎቹ መጥቶ ድርቤን ከእናቷ ቤት አወጣ። ድርቤ በቅሎ ላይ ሆና ፊቷን በነጠላ ተሸፍናለች። በዚያ አካባቢ ሙሽራ ከእናቷ ደጅ ከተነሣች ባሏ ደጅ እስክትደርስ እግሯ መሬት አይነካም። የሙሽራ ዘመድም ወንዝ አይሻገርም። ስለዚህ ወንድሟ መገርሳ እስከ ድልድዩ ራስ ሸኝቷት ጉልበቷን ስሞ ተመለሰ። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ እልል እል ነበር።

መሐል ሲደርሱ ከወዲያ ማዶ ሌላ ሰርግ መጣ። እነዚያም ሙሽራቸውን ይዘው ወደ ነቀምቴ ነው የሚሄዱት። ሁለት ሰርገኞች መንገድ ላይ ከተገናኙ አንዱ ለሌላው አይለቅም፤ የለቀቀው ትዳሩ አይቀናም ይላሉ። ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። አንዱ በላይ፣ አንዱ በታች ይሄዳል፣ ማንም ለማንም አልለቀቀም፣ ሁሉም እየዘፈነ ያልፋል። ድልድዩ ግን ከአንድ መኪና በላይ አያሳልፍም። ላይና ታች የሚባል ነገር የለውም። ተካ «ኧረ በእናታችሁ አንዳችሁ ተመለሱ!» እያለ ሮጠ። ማን ይስማው! መጀመሪያ በዘፈን ተፎካከሩ፣ ቀጥሎ ተሰዳደቡ፣ ከዚያ ዱላ ተነሣ።

መገርሳ ጩኸቱን ሰምቶ ተመለሰ። በአጠገቤ ሲያልፍ ጋቢውን ወርውሮ ነበር። የገቢሳን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያያቸው በዚያው ጠዋት ነው፤ በዚያ ላይ ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፤ ማን የማን ወገን እንደሆነ በዚያ ግርግር የሚለይ አልነበረም። የእህቱን በቅሎ ልጓም ይዞ የሚጎትት ሰው አየና ከበቅሎዋ ሊጥላት ነው ብሎ ሰነዘረበት። ያ ሰው የገቢሳ ታናሽ ወንድም ታፋ ነበር። ልጓሙን የያዘው በቅሎዋ እንዳትደነብር ነው። ታፋ ሲወድቅ ጭንቅላቱን የድልድዩ ብረት መታው። አልተነሣም።

ዘፈኑ ቀጥ አለ። ያኛው ሰርግ ወደ ኋላው ተመለሰ፤ ይኸውና መንገዱ ተለቀቀ። መገርሳ የመታውን ሰው አጎንብሶ አየው፣ ከዚያ ቀና ብሎ ገቢሳን አየው፣ ዱላውን ወንዝ ውስጥ ጥሎ ሮጠ። ወዴት እንደሄደ የነገረን የለም። አባይን ተሻግሮ ጎጃም ገባ ያሉ አሉ። የገቢሳ ሰዎች ታፋን ተሸክመው፣ ድርቤን በበቅሎዋ ላይ እንዳለች ይዘው ወደ ማዶ አለፉ።

በማግስቱ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ከድልድዩ በላይ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጡ። ዋናው ኦቦ ጃራ ነበሩ፤ ሁለቱም ማዶ የሚያከብራቸው፣ ነገር ሲቆርጡ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚናገሩ ሰው። መንግሥት ገዳዩን ይዞ ቢያስር እንኳ በዚያ አገር በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ደም በእሱ አይነጻም። ጉማ መፈጸም አለበት። የገዳይ ቤት ከብት ይከፍላል፣ ገዳዩ ራሱ በሽማግሌ ፊት ቆሞ እጁን ይታጠባል፣ ከዚያ ሁለቱ ቤቶች አብረው ይበላሉ። ያ እስኪሆን አብሮ መብላት የለም፣ በአንድ መንገድ መሄድ የለም። ገዳዩ ከሌለ ደግሞ ጉማው አይፈጸምም።

ኦቦ ጃራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሙሽራዪቱ የገቢሳ ናት» አሉ። «ከእናቷ ደጅ ተነሥታለች፤ ሙሽራ አይመለስም። የታፋ ደም ያለበትን ሳንቃ ያለፈችው በበቅሎ ላይ ሆና ነው። እግሯ አልነካውም። ደሙ እሷን አይዛትም።»

ገቢሳ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። ወንድሙን ሳይቀብር ሚስት ያገኘ ሰው ምን ይላል?

«የገዳይ ቤት እግር ይህን ብረት አይረግጥም» ብለው ቀጠሉ። «የሟች ቤት እግርም የወንድሙን ደም ተራምዶ አያልፍም፤ የገዳይንም ምድር አይረግጥም። እስከ መሐል ይመጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። ጉማው እስኪፈጸም ይኸው ነው።»

ሁላችንም ሰማን። እኔም፣ ተካም፣ በቀለችም። ድርቤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሟች ቤት ሰው ሆነች፤ እናቷ የገዳይ ቤት። በቀለች ድልድዩ ራስ ድረስ ትመጣለች፣ አንድ እርምጃ አትጨምርም። ድርቤ ከወዲያ እስከ መሐል ትመጣለች፣ ከዚያ አታልፍም። በመካከላቸው ግማሽ ድልድይ ቀረ።

እኔ መጀመሪያ ላይ ቆሽቴ አረረ። በእኛም አገር ደም ደም ነው፣ አላጣሁትም። ግን እናትና ልጅ ምን በወጣቸው? በቀለች ነቀምቴ ከወንጌል አማኞች ጋር ነው የምትጸልየው፤ ቄሳቸውም «ይህ ሁሉ በክርስቶስ ደም ታጥቧል፣ ተሻገሪ» ብለዋት ነበር። «ታዲያ ለምን አይሻገሩም?» ስላት እንዲህ አለችኝ፦

«ቄሱ እውነታቸውን ነው። ግን ታፋን የገደለው ክርስቶስ አይደለም፣ የእኔ ልጅ ነው። የታፋ እናት ዓይኗ እያየ በልጇ ደም ላይ ልራመድ? እኔ እናት አይደለሁም?»



ቅዳሜ ቅዳሜ በቀለች መጥታ የድልድዩ ራስ ላይ፣ መጀመሪያው ሳንቃ ሊነካት ሲል ትቆማለች። ድርቤ መሐል ላይ ሆና ብረቱን ይዛ ትቆማለች። በበጋ ውሃው ሲያንስ ድምፅ ይሰማል፤ ይጠያየቃሉ። ላሟ ወለደች ወይ? በርበሬው ደረሰ ወይ? አማትሽ እንዴት ናት? ገበያተኛው በመካከላቸው ከነአህያው ሲያልፍ ዝም ይላሉ፣ ካለፈ በኋላ ይቀጥላሉ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ እየቆመ ያያቸው ነበር። በኋላ ለመደ። በክረምት ግን ወንዙ ስለሚያገሳ ምንም አይሰማም፤ ዝም ብለው ይተያዩና ይመለሳሉ። ያኔ ነው እኔ መልእክተኛ የሆንኩት። የማንም ወገን አይደለሁምና ድልድዩን እንደልቤ እረግጠዋለሁ። «እኔ እኮ የእናንተ ስልክ ነኝ፣ ሽቦ የሌለኝ» ስላቸው ሁለቱም በየበኩላቸው ይሥቃሉ።

ድርቤ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ በቀለች ለጋ ቅቤ በቅል ይዛ ቤቴ መጣች። ለአራስ ልጅ ቅቤ የሚወስደው የእናት እጅ ነው።

«ከእኔ ቤት መሆኑን አትንገሪያት» አለችኝ። «ከገበያ ገዛሁት በያት። ከገዳይ ቤት መብላት አይሆንላትም። በአንቺ ዕቃ አድርጊው።»

በጣሳ ገልብጬ ወሰድኩት። ድርቤ ተኝታ ነበር፣ ሕፃኗ አጠገቧ። ጣሳውን ከፍታ አሸተተችው። የእናቷ ቅቤ ኮሰረት የበዛበት ነበር፤ ያንን ሽታ የሚስት ሰው የለም። ዓይኗን ወደ አማቷ አዞረች፣ ከዚያ ወደ እኔ። አልበላችውም። በመዳፏ አወጣችና ጭንቅላቷ ላይ አደረገችው፤ ጠጉሯ ውስጥ እየጨመቀች አሸችው፣ ወደ ግንባሯ እስኪወርድ።

«አትብሉ ነው ያሉን» አለችኝ በቀስታ። «አትቀቡ አላሉም።»

ይህን ስነግራት በቀለች አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ መልሳ ሣቀች፤ መልሳ አለቀሰች። ድርቤ አራስነቷን እንደጨረሰች ሕፃኗን ይዛ መሐል ድረስ መጣች፤ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ከእኛ በኩል የታየው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነበር። በቀለች ግን «አፍንጫዋ የእህቴ ነው» ብላ ድርቅ አለች፤ እኔም «አዎን፣ ቁርጥ እሷን» አልኳት።

እንዲህ እያልን ክረምትና በጋ ተፈራረቁ። መገርሳ አልመጣም። በቀለች አረጀች፤ ጀርባዋ ጎበጠ፤ ግን ቅዳሜ አላጓደለችም።

በአንድ ነሐሴ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ዝናቡ ሲወርድ በቀለች ደጄ መጥታ አግዳሚው ላይ መቀመጥ አቃታት። ወባ ነው። ገላዋ እሳት ሆኗል። ወደ ቤቷ ልንመልሳት አልቻልንም፣ ከእኔ ቤት አስተኛናት። ተካ ነቀምቴ ሄዶ ኪኒን አመጣ፤ አልያዘላትም፣ ሁሉንም አስመለሳት። በማግስቱ ዓይኗ ጠለቀ። እኔ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ አወቅኩ።

«ሸዋጌጥ» አለችኝ፣ «አልጋዬን ወደ በሩ አዙሪልኝ።»

አዞርኩላት። ከበሩ ድልድዩ ይታያል። ድርቤ ሰምታ መጥታለች፤ መሐል ላይ ገሳ ተሸፍና ቆማለች። ገሳ ማለት የሣር ካባ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የገጠር ሰው ይለብሰዋል። ከሩቅ ስትታይ ሰው ሳይሆን የቆመ ነዶ ትመስላለች። ወንዙ እያገሳ ነው። ብትጮህም አይሰማም።

ተካ ይህን አይቶ አልቻለም። ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ወደ ማዶ፣ ወደ ኦቦ ጃራ ቤት ሄደ። ሲመለስ ከላይ እስከ ታች ጭቃ ሆኖ ነበር፤ ፊቱን አይቼ መልሱን አወቅኩ።

«በቀለች ልትሞት ነውና ድልድዩን ትርገጥ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው» አለ። «ዓይናቸውን ጨፍነው 'አልችልም ልጄ፣ የገዳይ ቤት እግር አይረግጠውም፤ ለአንድ ሰው ብዬ ሕጉን ባፈርሰው ነገ ደም ይመለሳል' አሉኝ። እሳቸውም አለቀሱ።»

እንግዲህ እኔ በዚያ ድልድይ ተመላለስኩ። ከቤቴ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ቤቴ።

«ልጅቷ ማን ዘንድ ናት በያት» ትለኛለች በቀለች።

«አያቷ ዘንድ ናት፣ ጠግባ ተኝታለች በያት» ትለኛለች ድርቤ።

«ብርድ ይመታታል፣ ወደ ቤቷ ትሂድ በያት።»

«ሄደች በያት» አለችኝ ድርቤ። «ድርቤ ወደ ቤቷ ሄደች፣ እሳት እየሞቀች ነው በያት።» ይህን ስትለኝ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

ተመልሼ «ሄደች» አልኳት። በቀለች ዓይኗን ከበሩ አላነሣችም። ድርቤ እዚያው መሐል ላይ ቆማለች። በቀለች አይታታለች፤ እንዳየቻትም አውቃለሁ። «ጎበዝ፣ ጥሩ አደረገች» አለችኝ።

ሲነጋ፣ ዝናቡ ትንሽ ሲቆም፣ በቀለች አለፈች። ፊቷ ወደ በሩ እንደሆነ ነበር።

ለድርቤ መንገር የእኔ ዕጣ ነበር። መሐል ስደርስ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ማጣፋቴን አየች። በዚያች ሳንቃ ላይ ተንበረከከች። ጩኸቷን ወንዙ ዋጠው፤ አፏ ሲከፈት ብቻ ነው ያየሁት። ገቢሳ ከኋላዋ መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ሰው ስለ ወንድሙም ስለ አማቱም አንድ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ኦቦ ጃራንም ይዟቸው መጥቶ ነበር።

«እናቷን ትያት» አላቸው። «ኦቦ ጃራ፣ ለምኜዎታለሁ። ሚስቴ የእናቷን ፊት ትይ።»

ኦቦ ጃራ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሬሳ አይረግጥም» አሉ። «የሞተ ሰው እግር የለውም። ከሁለቱም ቤት ያልሆኑ ሰዎች ተሸክመው እስከ መሐል ያምጧት። እግሯ ብረቱን እስካልነካ ሕጉ አልተሻረም።»

ተካና ሦስት መንገደኞች ቃሬዛውን አነሡ። በቀለች ያን ድልድይ ከስንት ዘመን በኋላ ተሻገረች፤ ግማሹን። በታፋ ደም አጠገብ፣ ድርቤ ፊት፣ ሳንቃው ላይ እንዳያርፍ በትከሻቸው እንደያዙ ቆሙላት። እኔ ከፈኑን ከፊቷ ላይ ገለጥኩ። ድርቤ ተንጠራርታ እናቷን ሳመች። ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ እጇን። ጉንጯን በጉንጯ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ቀና አለች። እንባዋ ቆሞ ነበር።

«ኦቦ ጃራ» አለቻቸው። «እንዲህ ተሸክመው ማምጣት ይቻላል?»

«ይቻላል ልጄ። እግሯ አልነካም።»

«ትናንትስ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ትናንት በሕይወት ሳለች፣ እንዲህ ተሸክመው ቢያመጧትስ ኖሮ? እግሯ አይነካም ነበር። እኔ ሙሽራ ሆኜ በዚህ ደም ላይ ሳልፍ እግሯ አልነካም ብለው የፈረዱት እርስዎ አይደሉም? በዚያ ሁሉ ቅዳሜ፣ እዚያ ስትቆም፣ አንድ ሰው ቢያዝላትስ ኖሮ?»

ኦቦ ጃራ ተካን አዩት። ከዚያ ድርቤን አዩ።

«ትርገጥ ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አሉ። «እንሸከማት ወይ ብሎ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም… እኔም አላሰብኩትም ልጄ። ዋቃ ያውቃል፣ አላሰብኩትም።»

እሳቸው እዚያው ጭቃ ሳንቃ ላይ ቁጭ አሉ። ያን ያህል የሚፈሩ ሰው ኩታቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ልሳደብ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ማንን ልሰድብ? ያንን ፍርድ ከሾላው ሥር ሁላችንም ሰምተነዋል። በቅሎ ላይ ያለ ሰው አይረግጥም መባሉን በጆሯችን ሰምተን ወደየቤታችን ሄድን። በቀለችም ሰምታ ነበር። በዚያ ሁሉ ቅዳሜ ከእኛ መካከል አንድ ሰው እንኳ ተሸከሙኝ፣ እንሸከምሽ ያለ የለም። ተካ ቃሬዛውን እንደያዘ እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር፣ እንዲጠርገው እጁ ባዶ አልነበረም።

ገቢሳ ዞሮ ወደ ማዶ ሄደ። ሲመለስ በቅሎ ይዞ መጣ፤ ድርቤን ያመጣባትን በቅሎ፣ አርጅታለች። ድርቤን በሁለት እጁ አንሥቶ ኮርቻው ላይ አስቀመጣት። ልጓሙን እሱ ሊስብ አይችልም፤ የወንድሙ ደም እዚያው ፊቱ ነው። ለተካ ሰጠው። ተካ የቃሬዛውን ጫፍ ለሌላ ሰው አስረክቦ ልጓሙን ያዘ። ድርቤ ከነገሳዋ በበቅሎ ላይ ሆና፣ ከእናቷ ቃሬዛ ኋላ፣ ያንን ደም ለሁለተኛ ጊዜ አለፈች። መጀመሪያ ሙሽራ ሆና ነው የሄደችው። አሁን ቀባሪ ሆና ተመለሰች።

በእናቷ ደጅ ስናልፍ ዞራ አላየችም። መቃብሩ ዘንድ ሁሉም ሰው ከበበ። ቄሱ ጸለዩ። ድርቤ አልወረደችም፤ ያ ምድር የገዳይ ቤት ምድር ነው፣ እግሯ ሊነካው አይችልም። በሰው ሁሉ ጭንቅላት ላይ ከፍ ብላ፣ ዝናብ እየወረደባት፣ እናቷ ስትቀበር ከበቅሎ ላይ አየች። እንደሌላ ልጅ በአፈሩ ላይ መውደቅ፣ መንከባለል፣ በእጇ መቧጠጥ አልተፈቀደላትም። አፈር መመለስ ሲጀመር እጇን ዝቅ አድርጋ ዘረጋችልኝ። ገባኝ። ጎንበስ ብዬ እፍኝ እርጥብ አፈር አንሥቼ መዳፏ ላይ አደረግኩላት። ጨብጣው ብዙ ቆየች። ከዚያ ከበቅሎዋ ላይ ሆና ጣለችው።

«ሐርሜ» አለች። «ሐርሜ ኮ።» እናቴ ማለቷ ነው፤ ሌላ አልጨመረችም።

መገርሳ ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመቱ በገዛ እግሩ መጣ። ከብቱ ተከፈለ፣ እጁን ታጠበ፣ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ገበታ በሉ፣ እሱም ወደ ወህኒ ሄደ። ኦቦ ጃራ ከመሞታቸው በፊት የሁለቱን ማዶ ሽማግሌዎች ሰብስበው አንድ ነገር ተናገሩ። ደም ባለበት ቦታ የታመመን፣ ያረጀን፣ እናትን፣ የማንም ወገን ያልሆነ ሰው ተሸክሞ ያሻግር፤ ማንም እስኪጠይቅ አይጠበቅ አሉ። ዛሬም እንደዚያ ይደረጋል።

ተካ አሁንም ብሎን ያጠብቃል፣ ዝገት ይፍቃል። መሐል ላይ ሲደርስ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ነው የሚያልፈው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ድርቤ በእግሯ ትመጣለች። ከልካይ የለባትም። ሙሉውን ድልድይ ተሻግራ እኔ ደጅ ትደርሳለች፣ እናቷ የምትቀመጥበት አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፣ ሻይ እሰጣታለሁ። ከዚያ ወደ መሐል ተመልሳ ትሄድና እዚያ ቆማ ወደ እኛ ቤት ታያለች። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«እዚህ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ እናቴን አላገኛትም» አለችኝ። «ከመሐል ሆኜ ሳይ ግን ደጅሽ ፊት ቆማለች።»